መጋረጃ የሌለው መስኮት

ሰው ጠባዩን ከእናቱ ጡት ጋር ይጠባዋል ይባላል፤ እኔ ግን ቅናትን የተማርኩት ከመስኮት ነው። መስኮቱ ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ነበር። መጋረጃ የለውም። ከመስኮቱ ወዲያ ደግሞ ሶፋ ነበረ።

ሶፋ ስላችሁ አንድ ሶፋ አይምሰላችሁ። አንድ ሰሞን አረንጓዴ፣ ጀርባው በቁልፍ የተወጋጋ፣ እንደ ሰባ በግ የተነፋ ሶፋ ይገባል። ዓይናችን ሳይጠግበው እሱ ይወጣና እግሩ የተቀረጸ፣ ወይን ጠጅ ከፋይ የለበሰ ይተካል። ከዚያ ቢጫ ባለአበባ። ከዚያ ደግሞ ለብቻዋ የምትጎለት፣ ዳኛ የሚቀመጥባት የምትመስል የቆዳ ወንበር። እኛ ቤት ሰው ሸሚዝ ሳይቀይር እነሱ ቤት ሶፋ ይቀየራል። እኔ በመጋረጃችን ቀዳዳ አንድ ዓይኔን አስጠግቼ አያለሁ፤ ሆዴ ቅጥል ይላል።

የቤቱ ልጅ እኩያዬ ናት። ፀጉሯ ላይ ጥጥ ስለማይጠፋ ሰፈሩ ጥጢት ይላታል። ከጆሮዋ ጀርባ፣ ከጉንጉኗ መሀል፣ አንዳንዴም ከቅንድቧ ላይ ነጭ ጥጥ ተንጠልጥሎ ትምህርት ቤት ትመጣለች። የልጅ ጭንቅላቴ ነገሩን በቀላሉ ነበር የፈታው፤ ትራሷ ከመጥገቡ የተነሣ ይፈስሳል ማለት ነው። የእኔ ትራስ አባቴ የጣለው ቅዳጅ ጨርቅ የተጠቀጠቀበት፣ ድንች የተሞላ ከረጢት የሚመስል ነበር። ጋደም ባልኩ ቁጥር ጥጢት ጥጥ ውስጥ ስትንከባለል ይታየኛል፤ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ዛሬ ሳስበው አንዲት ልጅ ፀጉሯ ላይ ጥጥ የሚቀረው ተኝታበት ሳይሆን ስታባዝተው ውላ ነው። ያኔ ግን ማን ነግሮኝ?

ሰፈራችን የመጤ ሰፈር ነው። ባለአገሮቹ ሁላችንንም ጠቅልለው "መጤ" ይሉናል፤ እኛ ግን እርስ በርስ እንዳንምታታ በጣም ነበር የምንጠነቀቀው። የእኔ ቅድመ አያቶች ሐዲድ ሊያነጥፉ መጥተው፣ ሐዲዱ ሲያልቅ እዚያው የቀሩ ናቸው። የሐዲድ ልጆች እንባላለን። ከመንገዱ ማዶ ያሉት በመርከብ የመጡት ሰዎች ዘር፣ የመርከብ ልጆች ናቸው። ሁለታችንም የአያቶቻችንን አገር በዓይናችን አላየነውም፤ የምንናገረው አንድ ቋንቋ፣ የምንቀዳውም ከአንድ ቧንቧ ነው። ይሁንና ማን ተሻለው፣ ማን ባሰበት የሚለው ክርክር የቧንቧው ውሃ ሲቋረጥ እንኳ አይቋረጥም ነበር።

የክርክሩ ዋና ዳኛ አክስቴ ናት፣ የአባቴ ታላቅ እህት። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ከእኛ ጋር ትኖራለች። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። እሱ መኪናውን ሲረግጥ እሷ አጠገቡ ቁጭ ብላ ቁልፍ እየተከለች የሁለቱን ወገን ኑሮ ትመዝናለች።

"ከእነሱ የጥርስ ሐኪም ወጣ" ትላለች። "ከእኛ ማን ወጣ?"

"ያ ትኬት ቆራጩ አለ" ይላል አባቴ ቀና ሳይል።

"እሱማ ወጥቷል። ሰክሮ፣ ባቡሩ እየሄደ።"

እናቴ ትስቃለች፤ አክስቴ አትስቅም። "ሴት ልጆቻቸውን እዩአቸው። ጫማቸው ተወልውሎ፣ አንገታቸው ቀጥ ብሎ። የኛዎቹ መሬት መሬት ሲያዩ መርፌ የጠፋባቸው ይመስላሉ።" ከዚያ በመጋረጃው ቀዳዳ አጮልቃ ታይና፣ "ዛሬ ደግሞ ሌላ አስገቡ። የማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው" ትላለች። እኔም ንብረታቸው ከመብዛቱ የተነሣ ከእግዜር በቀር የሚያውቀው የለም ማለቷ ነው ብዬ እወስደዋለሁ።

የኛ መጋረጃ ከብርድ ልብስ የወፈረ ነበር። ፀሐይ ውጭ እየፈላች እኛ ውስጥ መብራት አብርተን እንኖራለን። ለምን እንደማይገለጥ ስጠይቅ አክስቴ፣ "የአያትሽን ቤት የዘረፉት በመስኮት ያዩት ናቸው። ያላዩትን ማን ይወስዳል?" ትለኛለች። ዙሪያዬን ሳይ ግን ይህ ነው የሚባል የሚወሰድ ነገር የለም። የስፌት መኪናው፣ አንድ እግሩ በጡብ የተደገፈ ጠረጴዛ፣ ያረጀ ምንጣፍ፣ ዱካዎች፣ የአባቴ ወንበር። ከአልጋው ሥር ደግሞ ትልቅ ሳጥን አለ፤ ቁልፉ እናቴ አንገት ላይ ይውላል። ምን እንዳለበት ስጠይቃት መልሷ ሁልጊዜ ያው ነው፤ "የሰው አደራ ነው፤ እንዳትነኪ።" አንዳንዴ ስትከፍተው ከጀርባዋ ሆኜ አሾልካለሁ። የታጠፈ ሱፍ ጨርቅ፣ ማኅተሙ ያልተቀደደ አንሶላ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሳህን። ይሄ ሰውዬ እንዴት ያለ ሀብታም ቢሆን ነው እላለሁ። እስኪ አሁን በማላውቀው ሰው ሳጥን የሚቀና ሰው አይታችኋል? እኔ ቀናሁ።

አባቴ ደግሞ የታመመ ወዳጅ ነበረው። ወር በገባ ቁጥር ኮቱን ለብሶ ከከተማው ዳር ሊጠይቀው ይሄዳል። ሲመለስ፣ "ተሻለው?" እለዋለሁ። "ያው ነው፤ ደህና ነው" ይለኛል። ሰውየው ልጅነቴን ሙሉ ወር በገባ ቁጥር ታመመ፤ አልዳነም፣ አልሞተም። አባቴ ካረፈ በኋላ ነው ወዳጁ ሰው ሳይሆን ቤት መሆኑን፣ ያውም ግቢ ያለው፣ የሚከራይ ቤት መሆኑን የተረዳሁት።

አንድ ቀን አባቴ ትልቁን የጨርቅ መቀስ ለጥጢት አባት እንዳደርስ ላከኝ። ሁለቱ ሰዎች ከሰላምታ በቀር ብዙ አይነጋገሩም፤ መቀስ ግን ይዋዋሱ ነበር። ሶፋ እንደ ካልሲ የሚቀያይር ጌታ ለምን ከልብስ ሰፊ መቀስ እንደሚዋስ አልጠየቅኩም። ልቤ ያለው ሌላ ጋ ነው። ያን ሰሞን ወይን ጠጁ ከፋይ ነበር የገባው።

ቤቱ ሙጫና አዲስ ጨርቅ ይሸታል። ከጓሮ የመዶሻ ድምፅ ይመጣል፤ ሁልጊዜም ይሰማ ስለነበር ቤታቸውን እያሰፉ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ከፋዩን በጣቴ ዳሰስኩት። ወደ ላይ ሲሄዱበት ይጠቁራል፣ ወደ ታች ሲመለሱ ያበራል። እንዲያ ያለ ነገር ነክቼ አላውቅም። ዘወር ዘወር ብዬ አየሁና ልቀመጥበት ወገቤን እጥፍ ሳደርግ፣ ጥጢት ከየት መጣች ሳልል ክንዴን ይዛ ብድግ አደረገችኝ።

"አይቀመጡበትም" አለች።

"ለምን?"

"አይቀመጡበትማ።"

ከኋላዋ በሩ ገርበብ ብሎ ጓዳቸው ይታያል። እናቷና ታናናሾቿ ባዶ ወለል ላይ ተኮልኩለው ከአንድ ሳህን ይበላሉ። እንዴት ያሉ ቅምጥሎች ናቸው አልኩ በሆዴ፤ ሶፋው እያላቸው ለጨዋታ ሲሉ ወለል ላይ ይቀመጣሉ። መቀሱን ሰጥቻት ወጣሁ። ቤት ገብቼ አታስቀምጥም አለችኝ ብዬ አለቀስኩ።

"ምን ታድርግ? የራሷ መሰለሽ?" አለች አክስቴ።

"ተይ እትዬ፣ ልጅ ናት፤ ወጥታ ታወራለች" አለቻት እናቴ፤ ወሬውም እዚያው ቀረ።

እኔ ግን ቂሙን ያዝኩት። ከዚያ ወዲያ ጥጢትን ሳያት የሚታየኝ ፊቷ አይደለም፤ ያ ከፋይ ነው። ደብተሯን ሳይ፣ ሶፋ ላይ ሆና ነው የጻፈችው እላለሁ። ጥያቄ ስትመልስ፣ እኔም እዚያ ላይ ሆኜ ባጠና እመልሰው ነበር እላለሁ። ደግሞ ጎበዝ ናት፣ እንከን አይወጣላትም። ከክፍሉ አንደኛ እሷ ካልሆነች እኔ ነኝ፤ እኔ ካልሆንኩ እሷ ናት።

ዓመቱ ሊያልቅ አካባቢ አስተማሪያችን ሁለታችንን አስቀረችን። የሰፈራችን ትምህርት ቤት ከዚያ ክፍል በላይ የለውም። ከድልድዩ ማዶ፣ የባለአገሮቹ ልጆች የሚማሩበት ባለ ቀይ ጣሪያው ትምህርት ቤት፣ ከመጤ ሰፈር አንዲት ልጅ በነጻ ሊወስድ ነው አለችን። አንዲት ብቻ። በትምህርት አልተበላለጣችሁም፤ ስለዚህ ከበጎ አድራጎት ማኅበር አንዲት ሴት መጥታ ቤታችሁን ታያለች፤ ዕድሉ ኑሮ ለባሰባት ይሰጣል። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "አንቺ ከአውራ ጎዳናው ተቀብለሽ ሁለቱንም ቤት ታሳያታለሽ" አለችኝ።

ያቺ ቦታ ካመለጠችኝ የሚጠብቀኝን አውቀዋለሁ፤ አክስቴ ጎን ተቀምጬ ቁልፍ እየተከልኩ የሰው ኑሮ መመዘን። ደስ ያለኝ ግን ለራሴ ብቻ አይደለም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሌለው የሚያሸንፍበት ጨዋታ መጣ። ሶፋ ያላት ትሸነፋለች።

"እኔ ነኝ ይዣት የምመጣው" አልኳት ጥጢትን በመንገድ ላይ። "አብሬያት ቤታችሁ እገባለሁ። ከእንግዳ ጋር ስለሆንኩ ተነሺ አትይኝም።"

"አንቺም ትገቢያለሽ?" አለች።

"እህሳ፤ ደጅ ልቁም?"

ጥጢት ከጉንጉኗ ጥጥ ነቅላ በጣቶቿ ታሽከረክር ጀመር። እስከ ቤታቸው ድረስ አንድ ቃል አልወጣትም። ኩራት ነው ብዬ ተውኳት።

ሴትዮዋ የምትመጣ ዕለት ጠዋት አክስቴ ቤቱን እንደ ጦር አዛዥ ያዘችው። ምንጣፉ ተጠቅልሎ ጎረቤት ሄደ። ሬዲዮው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ገባ። የአባቴ ኮት፣ የእናቴ ጫማ፣ ግድግዳው ላይ ያለው መስታወት ሳይቀር ከዓይን ጠፋ። ደህና ደህናዎቹ ዱካዎች ተለቅመው ወጥተው እግሯ የተሰነጠቀው ቀረች። እኔን ደግሞ የልብስ ሰፊ ልጅ ሆኜ ሳለ፣ እራፊ በእራፊ የተለጣጠፈች ቀሚስ አለበሱኝ። እንግዳ ሲመጣ ቤት ይዘጋጃል ሲባል ሰምቼ ስለነበር፣ ማዘጋጀት ማለት ይሄ ነው ብዬ ተቀበልኩት።

ሴትዮዋ ደግ ፊት፣ ትልቅ ቦርሳና የሚያማት ጉልበት ነበራት። በሰፈሩ ኮረት ላይ እየተደናቀፈች ተከተለችኝ። ቤታችን ስትገባ ዓይኗ ጨለማውን እስኪለምድ በሩ ላይ ቆመች። አባቴ ዱካዋን አቀረበላት፤ ስትቀመጥ ዱካዋ አቃሰተች። አክስቴ ጥግ ላይ በነጠላ ተጀቡና ትስላለች። አክስቴ ስትስል ሰምቼ አላውቅም፤ ያን ዕለት ግን ሳንባዋን ልትተፋ ደረሰች።

"እንዴት ናችሁ? ኑሮ እንዴት ነው?" አለች ሴትዮዋ።

"እንደሚያዩን ነን" አለ አባቴ።

ሴትዮዋ አንገቷን ነቅንቃ ዞር ዞር ስትል ከአልጋው ሥር የሳጥኑን ጠርዝ አየችው። "ይሄስ?" አለች።

"የሰው አደራ ነው" አለች እናቴ፤ ዓይኗን ሰበረች። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ማይ ብባል እምል ነበር።

መንገዱን ተሻገርን። የጥጢት አባት በሩ ላይ ሆኖ በሁለት እጁ ተቀበለን። ያን ዕለት የፊት ክፍሉ ሌላ ጊዜ ካየሁትም የበለጠ ያምር ነበር። ወይን ጠጁ ከፋይ ከነሁለት ልጆቹ፣ ማለቴ ከነሁለት ነጠላ ወንበሮቹ፣ ተወልውሎ ተደርድሯል። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ ፀሐይ ከፋዩ ላይ ተኝታለች። ጥጢት የታጠበ ቀሚስ ለብሳ ከሶፋው ጎን ቆማለች። ፀጉሯ ላይ አንዲት ጥጥ የለም።

"ይቀመጡ እንጂ" አለ አባቷ፣ ሴትዮዋን ትልቁ ሶፋ ላይ እያሳያት። ሴትዮዋ ተቀመጠች፤ ሶፋው ድምፅ ሳያሰማ ዋጣት። ጉልበቷ አረፈላት መሰለኝ፣ ተነፈሰች። እኔም ማንም ሳይጠይቀኝ ጎኗ ዘፍ አልኩ። ጥጢትን አየኋት፤ ምንም አላለችኝም። እሷ፣ እናቷና አባቷ ግን ቆመው ቀሩ። ባለቤት ቆሞ እንግዳ ብቻ ይቀመጣል፤ የኩራት ኩራት ማለት ይሄ ነው አልኩ።

"እናንተም ተቀመጡ እንጂ" አለች ሴትዮዋ።

"ቆመን ይሻለናል" አለ የጥጢት አባት።

"ቤታችሁ ያምራል። ይሄ ሁሉ የእናንተ ነው?"

ሰውየው አፉን ከፈተ። ልጁን አየ። ጥጢት እሱን አላየችውም፤ የምታየው እኔን ነበር፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። ሰውየው አፉን መለስ አደረገና፣ "ተመስገን ነው" አለ።

በዚያው ቀን ነገሩ እንዳለቀ አውቄዋለሁ። ትንሽ ቆይቶ ቦታው ለእኔ ሆነ የሚለው ወሬ መጣ። አክስቴ ሳሏ ለቀቃትና እልል አለች። እኔ ደግሞ መንገድ ላይ ወጥቼ መጋረጃ የሌለውን መስኮት አፍጥጬ አየሁት። እንዴት ነው? አልኳት ጥጢትን በሆዴ። አይቀመጡበትም ያልሽኝ ዕለት አላሰብሽውም።

የደንብ ልብሱ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ መሆን ነበረበት። አባቴ ሳጥኑን ስቦ አወጣና እናቴ ከፈተችው። ከአደራው ላይ አንድ ጥቅል ሱፍ አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

"የሰው አይደል እንዴ?" አልኩት።

"ሰውየው ፈቀደ" አለኝ፣ ጠመኔውን አንሥቶ መስመር እያሰመረ። እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች።

የትምህርት የመጀመሪያው ቀን፣ አዲሱን ልብሴን ለብሼ ሆን ብዬ በእነሱ በር አለፍኩ። ጥጢት መስኮቱ አጠገብ ቢጫ ወንበር ላይ አጎንብሳለች። "እንደምን አደርሽ" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከንፈሯን ግጥም አድርጋ ዝም። አንገቷን እንኳ ሳታነቃንቅ ወደ ወንበሩ ተመለሰች። ተናደድኩ። ተሸንፋ እንኳ ትኮራብኛለች ብዬ እስከ ድልድዩ ድረስ ስነድ ሄድኩ። አፏ ምስማር ሙሉ እንደነበር፣ የሶፋ ሠራተኛ ትንንሾቹን ምስማሮች በከንፈሩ ይዞ አንድ በአንድ እያወጣ እንደሚመታ፣ ያኔ አላውቅም።

ከድልድዩ ማዶም ቅናቴ አልለቀቀኝም። የተከበረው ትምህርት ቤት መቀመጫው አግዳሚ ጣውላ ነው፤ ጠንካራ፣ ስንጥር ያለው፣ ክረምት በቅዝቃዜው የሚያስለቅስ። ሌሎቹ ልጆች ከቤታቸው ትራስ ይዘው ይመጣሉ። እኔ ጣውላው ላይ እየተቁነጠነጥኩ፣ ጥጢት ይሄኔ ከፋዩ ላይ ተጋድማለች እያልኩ ሒሳብ ያመልጠኛል። ዕድሉን የወሰድኩት እኔ፣ የምቀናው እኔ።

ተማርኩ፣ ሥራ ያዝኩ። አንድ ጊዜ በምሠራበት መሥሪያ ቤት የሁለቱን መጤ ወገኖች ኑሮ የሚያወዳድር ጥናት እጄ ገባ። ቤት ለቤት ተዞሮ የተሠራ ነው። የመርከብ ልጆች ከሐዲድ ልጆች በእጅጉ የተሻለ ይኖራሉ ይላል፤ ቁጥሩ ተደርድሯል። ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ እስኪያመኝ ሳቅሁ። እነዚያን ጠያቂዎች ስንት አክስት ስላባቸው ይሆን አልኩ። ሳቄን ስጨርስ ግን ዓይኔ የቀረው የእነሱ ቁጥር ላይ ነው፤ ከኛ በልጦ ሳየው አሁንም ቅር አለኝ።

እናቴም አባቴን ተከትላ አረፈች። ሳጥኑ ለእኔ ደረሰኝ። አንሶላዎቹ ሳይፈቱ እጥፋታቸው ላይ ቢጫ ሆነዋል፤ ሳህኖቹ ላይ አንድ ቀን እህል አላረፈባቸውም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት እኛ ነን። ከቤቱ የወሰድኩት የአባቴን የስፌት ወንበር ብቻ ነው። መቀመጫዋ ተበልቶ ገለባዋ ወጥቷል። እሷን ላሠራ ነው፣ ሰው ጠቁሞኝ ወደ ገበያው ጀርባ የሄድኩት።

ሱቁ በሩ በሙሉ ለመንገድ የተከፈተ ነው። በውስጡ የተገነጣጠሉ ሶፋዎች፣ የጥጥ ክምር፣ የጨርቅ ጥቅሎች። አንዲት ሴት ጉልበቷ ላይ ተንበርክካ ወንበር ትመታለች፤ አፏ ምስማር ሙሉ ነው። ወንበሩን አስቀምጬ ሰላም አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከንፈሯን ግጥም አድርጋ ዝም። ያን ጊዜ ከመስኮቱ ያየሁት ፊት ቁጭ አለ። ሳልጠይቃት አወቅኳት።

ምስማሮቹን መዳፏ ላይ ተፋቻቸው። "የሰፊው ልጅ" አለች። "አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"ተቀመጪ።" በመዶሻዋ ያሳየችኝ ገና ያለቀ፣ ሰማያዊ ከፋይ የለበሰ ትልቅ ወንበር ነው።

"የሰው አይደል?" አልኳት።

"የሰው ነው። ተቀመጪ። አሁን ሱቁ የኔ ነው፤ አባቴ የለም የሚቆጣኝ።"

ተቀመጥኩ። የአባቴን ወንበር ገልብጣ አየች፣ ገለባውን በጣቷ ጫር ጫር አደረገች፣ ትድናለች አለች። እሷ ስትሠራ እኔ ዙሪያዬን አየሁ። ሰዎች ሳያንኳኩ ይገባሉ፤ አንዱ መቀስ ይዋሳል፣ አንዷ ቡና ለመጠጣት ትጠራታለች፣ ሴት ልጇ ከጓዳ ሆና ትዘፍናለች። የእኔ ቤት መጋረጃው እስካሁን ወፍራም ነው፤ ማን ይገባል? ይኸው፣ ጉዴን ልናገር፤ ቀናሁ።

"ይሄ ሁሉ የሰው ነበር ማለት ነው" አልኳት። "ያ ሁሉ ሶፋ።"

"ታዲያ የማን ይሁን? እኛ የተቀመጥንበት ቀን የለም። እነ አያቴ ከመርከብ የወረዱ ዕለት ለማኝ ናቸው ብለው መጋዘን ውስጥ ቆለፉባቸው። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ባዶ ቤት ለሰው ማሳየት ነውር ነው። አባቴ ግን፣ የሰው ወርቅ አያደምቅ፣ ይል ነበር።"

"ታዲያ ሴትዮዋ ስትጠይቀው ለምን የሰው ነው አላለም?"

ጥጢት መዶሻዋን አስቀመጠች። ከአባቴ ወንበር የወጣውን ገለባ ሰብስባ ከጎኗ ከመረችው።

"ዕቃው ያን ቀን ጠዋት ሊሄድ ነበር" አለች። "ባለቤቱ ጋሪ ልኮ፣ ጋሪው ደጅ ቆሞ። አባቴ፣ ይሂድ፣ ሴትዮዋ ቤታችንን እንዳለ ትይ፣ ልጄ ትማር፣ አለ። በሩ ላይ ተጋድሜ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ወደ ጋሪው ካወጣችሁት እሞታለሁ አልኩ። አባቴ ልጅ ሲያለቅስ አይችልም። ጋሪውን መለሰው።"

"ለምን?" አልኳት። "ቦታው እንደሚቀርብሽ ጠፍቶሽ ነው?"

"አልጠፋኝም። አንቺ አብረሽ ልትገቢ ነበራ።" ሳቅ አለች፣ ዓይኗ ግን አልሳቀም። "ሴትዮዋ አንድ ቀን አይታ ትሄዳለች። አንቺ ግን ቀን በቀን በዚያ መጋረጃ ቀዳዳ ታዪናለሽ። ዓይንሽን ከቤታችን ሆኜ አየዋለሁ። የሰፊው ልጅ ምንም እንደሌለኝ ከምታይ ባልማር ይሻለኛል አልኩ። ደግሞ እናንተ፣ ያ ወፍራም መጋረጃ፣ ከጀርባው ምን ይኖር ይሆን እያልኩ ስንት ጊዜ ተቃጥያለሁ መሰለሽ። ወርቅ የተሞላ ሳጥን አላቸው ይባል ነበር።"

"ሱፍ ነው" አልኳት። "አንሶላም ነበረበት።"

"እዪው እንግዲህ፣ ነበራችሁ።"

ከሴትዮዋ ጎን ዘፍ ያልኩበት ያ ከፋይ፣ እንባ ያቀረረው ዓይኗ፣ የአባቷ ተመስገን ነው፣ ሁሉም ባንዴ መጣብኝ። በዚያ ሰፈር ቀናተኛዋ እኔ ብቻ የሆንኩ መስሎኝ ነበር የኖርኩት። ለእኔ ሲባል፣ ለዓይኔ ሲባል አንድ ሰው ዕድሉን እንደሸጠ ማን ይገምታል?

ፀጉሯ ላይ ነጭ ነገር አየሁ። ጥጥ መስሎኝ ላነሣላት እጄን ሰደድኩ፤ አልተነሣም፤ ሽበቷ ነው። እጄን መለስኩ።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለችኝ። "ብዙ ዓመት ራሴን ስጠይቅ የኖርኩት ነው። ያ ትምህርት ቤት ጥሩ ነበር?"

ጥሩ ነበር። ኑሮዬን ሙሉ የበላሁት ከእሱ ነው፤ ይህን ደግሞ ሁለታችንም እናውቃለን። ጥጢት ግን እያየችኝ ነው፤ የምትጠብቀውን ዓይነት መልስ ዓይኗ ላይ አነበብኩት። ለእኔ እንግዳ አይደለም፤ ያን ዓይነት ዓይን ይዤ ነው ያደግሁት።

"ወንበሩ ይቆረቁር ነበር" አልኳት። "ጣውላ ነው። ስንጥሩ ቀሚስ ይቀድዳል። አንድም ቀን ተመችቶኝ አልተቀመጥኩም፤ አንቺ ከፋይ ላይ ነሽ እያልኩ ስቃጠል ነው የጨረስኩት።"

"እውነትሽን ነው?"

"አባቴ ይሙት።"

"ሞቶ የለ እንዴ?"

"ቢሆንም።"

"እሰይ" አለች ጥጢት፤ ከልቧ ነው ያለችው። ከዚያ ምስማሮቹን ወደ አፏ መልሳ የአባቴን ወንበር መምታት ጀመረች።